ከባድ አልበም እንዴት ይሰማል? ከሐዋሳ የተጻፈ የፕሮግረሲቭ ሜታል መመሪያ

ፕሮግረሲቭ ሜታል (ዘፈኑ ረጅም፣ ምቱ የሚቀያየር ከባድ የሮክ ዓይነት) ልስማ ብሎ የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ይቀራል። ጊታሩ ያጓራል፣ ድራሙ ይሮጣል፣ ከዚያ አንድ ሰው ከጉድጓድ የወጣ በሚመስል ድምፅ ይጀምራል። ዘፈኑ አሥር ደቂቃ ነው። የሚያዝ አዝማች የለውም። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ኢርፎኑ ይወልቃል። «ይሄ ጩኸት እንጂ ሙዚቃ ነው እንዴ?» ይባልና ነገሩ እዚያው ያበቃል።

የምኖረው ሐዋሳ ነው። እዚህ ከተማ ይህን ሙዚቃ የሚሰማ ሰው ብትፈልጉ ብዙ አታገኙም። ቡና ላይ ግን «ምኑን ነው የምትወደው? እኔ ሞክሬው አልገባኝም» የሚል አይጠፋም። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው፦ አልበሙን ከአንደኛው ዘፈን አትጀምሩት። መጀመሪያ ለስላሳውን ቦታ ፈልጉ። እሱን በደንብ ልመዱት። ከባዱን ክፍል ከዚያ ተነስታችሁ ስትሰሙት ሌላ ነገር ይሆናል።

አካሄዱን በአንድ አልበም ላይ ላሳያችሁ። በደፈናው ከማውራት ይሻላል።

አልበሙ

የመረጥኩት የስዊድኑን ባንድ የኦፔዝን «ብላክዋተር ፓርክ» ነው። የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ሲሆን ለባንዱ አምስተኛ አልበም ነው። 8 ዘፈኖች አሉት፤ ሲደመር 67 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ድምፃዊውና ዋናው ደራሲ ሚካኤል ኦከርፌልት ነው፤ ጊታርም እሱ ይጫወታል። ሁለተኛውን ጊታር ፒተር ሊንድግሬን፣ ቤዙን ማርቲን ሜንዴዝ፣ ድራሙን ማርቲን ሎፔዝ ይዘውታል። ፕሮዲውስ በማድረግ ያገዛቸው ፖርኪዩፓይን ትሪ የተባለው ባንድ እንግሊዛዊ ስቲቨን ዊልሰን ነው፤ ፒያኖና የራሱን ድምፅም ጨምሮበታል። የአልበሙ ስም የተወሰደው ከአንድ የ1970ዎቹ የጀርመን ሮክ ባንድ ነው።

ይሄን የመረጥኩት ሁለቱም ጎን ስላለው ነው። በአንድ ዘፈን ውስጥ ሕፃን የሚያስተኛ የአኩስቲክ ጊታርና ግድግዳ የሚያፈርስ ሜታል ታገኛላችሁ። ለጀማሪ ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው። ባንዱ በ1998 እና በ1999 ያወጣቸው ሁለት አልበሞች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ታሪክ የሚተርኩ ናቸው። «ብላክዋተር ፓርክ» ግን እንደዚያ አይደለም። ዘፈኖቹ ለየብቻቸው ይቆማሉ። ከመሃል ብትጀምሩ የሚያመልጣችሁ ታሪክ የለም።

ከመጫናችሁ በፊት

ፋይል ይዛችሁ ከሆነ መጀመሪያ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል አስተካክሉ። ብዙ ስልክ ፋይልን የሚደረድረው በፊደል ተራ ነው። በፊደል ተራ ከሄደ ይሄ አልበም ይገለበጣል። 12 ደቂቃ የሚፈጀው የመዝጊያው ዘፈን «ብላክዋተር ፓርክ» አንደኛ ይመጣል፣ የመክፈቻው «ዘ ሌፐር አፊኒቲ» መጨረሻ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የፋይሎቹ ስም ፊት ከ1 እስከ 8 ቁጥር ጻፉ። ትክክለኛው ተራ ይሄ ነው፦ «ዘ ሌፐር አፊኒቲ»፣ «ብሊክ»፣ «ሃርቨስት»፣ «ዘ ድሬፐሪ ፎልስ»፣ «ደርጅ ፎር ኖቬምበር»፣ «ዘ ፊውነራል ፖርትሬት»፣ «ፓተርንስ ኢን ዚ አይቪ»፣ «ብላክዋተር ፓርክ»።

በኦንላይን የምትሰሙ ከሆነ የፓኬጁን ነገር አስቡበት። 67 ደቂቃ ሙዚቃ በ320 ኪሎቢት ጥራት ወደ 160 ሜጋባይት ይበላል፤ በ128 ደግሞ ወደ 64። ይሄን አልበም ደጋግማችሁ ነው የምትሰሙት። አንዴ አውርዶ መያዝ ያዋጣል። ዩቲዩብ ላይ ከሆነ አውቶፕሌዩን አጥፉት፤ አለዚያ ዘፈኑ ሳያልቅ ሐሳባችሁ ቀጣዩ ምን ይሆን ላይ ይሄዳል።

ኢርፎን ውድ መሆን የለበትም። ሁለቱም ጆሮ መሥራት ግን አለበት። በሜታል ቀረጻ አንዱ ጊታር ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ይደረጋል። አንዱን ጆሮ ለጓደኛ ሰጥቶ ፍቅር ሐይቅ ዳር መቀመጥ ደስ ይላል፣ አውቃለሁ። ትዝታ ለመስማት ምንም አይልም። እዚህ ላይ ግን ግማሹን ባንድ ለጓደኛችሁ ሰጣችሁት ማለት ነው። ትንንሾቹ የብሉቱዝ ስፒከሮችም ያው ናቸው፤ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ያቦካሉ።

«ቤዝ ቡስት» የሚባለውን ነገር አጥፉት። የባጃጅ ስፒከር ልማድ ነው ያስለመደን። በሜታል ቀረጻ ውስጥ የእግር ድራሙ፣ ቤዙና የጊታሩ ወፍራም ድምፅ ቀድሞውኑ ተጠጋግተው ነው የሚቀመጡት። ቤዝ ስትጨምሩ ሦስቱ ተደበላልቀው አንድ ጉምጉምታ ይሆናሉ። «ጩኸት ነው» ከሚሉት ሰዎች ግማሹ ይሄን እየሰሙ ይመስለኛል።

ድምፁን የምትለኩት በከባዱ ክፍል ነው። በለስላሳው ክፍል ከለካችሁ መጨመራችሁ አይቀርም፤ ሜታሉ ሲገባ ጆሯችሁን ይበላዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጣሪያ 80 ዴሲቤል በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው። ድምፁ ከዚያ ሲያልፍ ሰዓቱ በፍጥነት ይቀንሳል። ከባድ ሙዚቃ ዝቅ ብሎም ከባድ ነው። አትፍሩ፣ አይቀንስበትም።

አንደኛ፦ ሦስተኛውን ዘፈን ብቻ

«ሃርቨስት» 6 ደቂቃ ነው። በአኩስቲክ ጊታር ይጀምራል፣ እስከ መጨረሻው ኦከርፌልት በተፈጥሮ ድምፁ ይዘፍናል። ጩኸት የሚባል ነገር የለበትም። ቀዝቀዝ ያለ፣ ሐዘን ያለበት ዘፈን ነው።

ሁለት ሦስት ቀን ይሄን ብቻ ስሙ። ልብስ እያጠባችሁም፣ ሽሮ እያማሰላችሁም ይሁን። አትተንትኑት። የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ዜማውን ሳታስቡት ማንጎራጎር ስትጀምሩ አበቃ፣ ይበቃችኋል። የሰውየውን ድምፅ ለምዳችሁታል። ቆየት ብሎ ያው ሰው ሲያጓራ የምታውቁት ሰው ነው የሚሆነው። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሙሉውን አካሄድ የያዘው ግን እሱ ነው።

ከፈለጋችሁ ሰባተኛውን «ፓተርንስ ኢን ዚ አይቪ»ን ጨምሩበት። ግጥም የለውም፤ ጊታርና ፒያኖ ብቻ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ሁለተኛ፦ አራተኛው ዘፈን፣ በየመሣሪያው

አሁን ወደ «ዘ ድሬፐሪ ፎልስ»። ወደ 11 ደቂቃ ይጠጋል። ከአልበሙ አንድ ዘፈን ብቻ ስጡ ብባል የምሰጠው ይሄን ነው።

አከፋፈቱን ልብ በሉ። አኩስቲክ ጊታር ይመታል፤ ብዙም ሳይቆይ በላዩ ላይ ዝግ ያለ፣ የሚንሳፈፍ የኤሌክትሪክ ጊታር ዜማ ይመጣል። ይሄን ዜማ ያዙት። ዘፈኑ ብዙ ቦታ ዞሮ ዞሮ በመጨረሻ ወደዚህ ዜማ ይመለሳል። የመጀመሪያው ክፍል በተፈጥሮ ድምፅ የተዘፈነ ነው። ግራውል የሚባለው የማጓራት ድምፅ የሚመጣው ወደ ወገቡ ግድም ነው። ሲመጣ ደንግጣችሁ አታጥፉ። ማለፉን ታውቃላችሁ፤ ያ ዜማ ከወዲያ ማዶ እየጠበቃችሁ ነው።

ይሄን ዘፈን በየመሣሪያው እንድትሰሙት እፈልጋለሁ። በአንድ ጊዜ ሁሉን ልስማ ማለት ነው ሰውን የሚያደክመው። እያንዳንዱን ዙር ለአንድ ሰው ስጡት።

መጀመሪያ ለድራመሩ። ሎፔዝን ብቻ ተከተሉ። ሦስት ነገር ለዩ፦ በእግር የሚመታው ወፍራሙ ድራም፣ በእጅ የሚመታው ጠጣሩ ስኔር፣ የሚያንሾካሹከው ሲምባል። ስኔሩ ዘፈኑን ለሁለት ለሁለት እየከፈለ ይሄዳል፤ እሱን ካገኛችሁ አትጠፉም። ለስላሳው ክፍል ላይ ሲምባሎቹን እንዴት በጣቱ ጫፍ ያህል እንደሚነካቸው ስሙ። ሜታል ድራመር ሁሉ የሚደበድብ ይመስለን ነበር፣ አይደል? ከባዱ ክፍል ላይ ደግሞ እግሩን ስሙ። ያ እንደ መኪና ሞተር የሚንደቀደቅ ነገር በሁለት ፔዳል፣ በሁለት እግር እየተፈራረቀ የሚመታ ነው።

ቀጥሎ ለቤዙ። ቤዝ በሜታል ውስጥ ከጊታሩ ሥር ስለሚደበቅ መጀመሪያ ላይ ላታገኙት ትችላላችሁ። ፀጥ ያለውን ክፍል ጠብቁ። ጊታሩ ሲሳሳ ሜንዴዝ ብቅ ይላል፤ የራሱን ዜማ እየሄደ እንደሆነ ትሰማላችሁ። አንዴ ካገኛችሁት ወደ ከባዱ ክፍል ተከትላችሁት ግቡ። እዚያም እንዳለ ይገባችኋል። ጆሮ የሚሠለጥነው እንዲህ ነው።

ከዚያ ለጊታሮቹ። የግራውን ኢርፎን አውልቃችሁ ቀኙን ብቻ ስሙ፣ ከዚያ አገላብጡ። ሁለቱ ጊታሮች አንድ ነገር ሲጫወቱና ሲለያዩ ትለያላችሁ። አጭር ሆኖ የሚደጋገመው የጊታር ሐረግ ሪፍ ይባላል። የኦፔዝ ዘፈን አዝማች እየጠበቀ አይሄድም፤ ከሪፍ ወደ ሪፍ ነው የሚሄደው። ስለዚህ «አዝማቹ የታል?» እያላችሁ ከምትጠብቁ «ይሄ ስንተኛው ሪፍ ነው?» በሉ። አዲስ ሪፍ በመጣ ቁጥር ወረቀት ላይ ጭረት አድርጉ። የተመለሰ ሪፍ ካለ አክብቡት። አንድ ዙር እንዲህ ከሰማችሁ በኋላ ዘፈኑ ርዝመቱ ይቀንስባችኋል።

ስለ ጊታሩ ሻካራነት አንድ ነገር ልበል። ዲስቶርሽን ይባላል። የጊታሩ የኤሌክትሪክ ምልክት ከአቅሙ በላይ ሲጎላ ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል፤ ከዋናው ድምፅ በላይ ሌሎች ቀጫጭን ድምፆች ይጨመሩበታል። ሻካራ ድምፅ ለኛ አዲስ አይደለም። በገናን ተመልከቱ። በአውታሩና አውታሩ በተደገፈበት እንጨት መካከል ትናንሽ ቁራጭ ቆዳ የሚገባው አውታሩ ሲመታ እንዲነዝር ተብሎ ነው። ያ ንዝረት ባይኖር በገና በገና አይሆንም። ማንም «ተበላሽቷል» ብሎ አያውቅም። ጊታሩንም በዚሁ ጆሮ ስሙት።

ሦስተኛ፦ ግራውሉ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ትንሽ እንቆይበት።

ግቢ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር ሰው ይሄን ሙዚቃ በስፒከር ሲከፍት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አከራዬ እማማ አንድ ቀን ቡና ሊጠሩኝ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?»

«እየዘፈነ ነው እማማ።»

«አሞት ነው እንጂ! እንዲህ ተዘፍኖ ያውቃል?»

ትንሽ ጠብቁ አልኳቸው። ለስላሳው ክፍል መጣ። «ይሄኛው ደግሞ ማነው?» አሉ። ያው እሱ ነው ስላቸው አላመኑኝም። እስከ ዛሬም የሚያምኑኝ አይመስለኝም።

ግራውል ጉሮሮን ቀዶ መጮህ አይደለም። ከዋናዎቹ የድምፅ አውታሮች ከፍ ብለው የሚገኙ እጥፋቶች አሉ፤ እነሱ ሲንቀጠቀጡ ያ ወፍራም ሻካራ ድምፅ ይወጣል። በትንፋሽ ቁጥጥር የሚሠራና ልምምድ የሚፈልግ ነገር ነው። ዜማ ስለሌለው ዜማ አትፈልጉበት። እንደ አንድ የምት መሣሪያ ስሙት። ቃሉ የት ላይ እንደሚያርፍ፣ ከስኔሩ ጋር እንዴት እንደሚገጥም፣ መጨረሻው ላይ እንዴት እንደሚጎተት። ፉከራ ላይም እኮ ዜማውን ብላችሁ አይደለም የምትሰሙት። ደረት የሚነፋውን፣ ትንፋሹን፣ ቃሉ የሚወረወርበትን ጉልበት ነው።

ግጥሙን መጀመሪያ አንብቡት፣ ከዚያ እያያችሁ ስሙት። አንብባችሁ ስትሰሙት ቃላቱ ከጉርምርምታው ውስጥ መውጣት ይጀምራሉ። እንግሊዝኛው ራሱ ጨለም ያለና ቅኔ የሚሞክር ነው፤ እያንዳንዱን ስንኝ ልፍታ ብላችሁ አትጨነቁ። እኔን ከጠየቃችሁኝ የአልበሙ ደካማ ጎን ግጥሙ ነው። ሙዚቃው ከቃላቱ ይበልጣል።

«የሰይጣን ሙዚቃ ነው» የሚለውስ? ይሄ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ መልሱን ደግሞ ማድበስበስ አልወድም። ሜታል ሰፊ ነው። በተለይ ከስካንዲኔቪያ የወጣ ክርስትናን በግልጽ የሚሳደብ ሙዚቃ አለ። በእምነታቸው የሚዘፍኑ የሜታል ባንዶችም አሉ። የዚህ አልበም ግጥሞች የሚያወሩት ስለ ሞት፣ ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ተበላሸ ፍቅር ነው። ድምፁ ሻካራ ስለሆነ ብቻ መፍረድ አያስኬድም፤ ግጥሙን አንብቡና ለራሳችሁ ወስኑ። በጾም ዘፈን የማትሰሙ ከሆነም አልበሙ የትም አይሄድም፣ ከፋሲካ በኋላ ይደርሳል።

ከ«ዘ ድሬፐሪ ፎልስ» በኋላ «ብሊክ»ን ሞክሩ። በግራውል ነው የሚጀምረው። ወደ ኋላ ላይ ግን የሚያምር በተፈጥሮ ድምፅ የተዘፈነ ክፍል አለ፤ እዚያ ላይ ዊልሰንም አብሮ ይዘፍናል። ጊታሩ መክፈቻው ላይ የሚጫወተው ዜማ የምሥራቅ አገር ጠረን አለው፤ ድምፆቹ የተጠጋጉ ናቸው። ለአንቺሆዬ ጆሮ የተጠጋጋ ድምፅ ብርቅ አይደለም። እንደኔ እንደኔ ኢትዮጵያዊ ጆሮ ከሜታል ውስጥ መጀመሪያ የሚለምደው እንዲህ ያለውን ነው።

አራተኛ፦ መቁጠር

ፕሮግረሲቭ የሚባለው ሙዚቃ ከሚታወቅበት ነገር አንዱ ምቱ ነው። ብዙው ዘፈን በ4 ይቆጠራል፤ እዚህ ግን 5፣ 7፣ 9 ይመጣል፤ በአንድ ዘፈን ውስጥም ይቀያየራል።

«ለኛ ይከብደናል» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ችክችካን አስታውሰዋለሁ። ችክችካ 6 ምት ነው። ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ብትቆጥሩት ሁለት ቡድን ይሆናል፤ ሁለት ሁለት ብታደርጉት ሦስት። ሠርግ ላይ ይሄን ሁለት ዓይነት ቆጠራ በአንድ ጊዜ በእጅና በትከሻ እናስኬደዋለን። ማንም አስተምሮን አይደለም።

ለመለማመድ ለጊዜው ከኦፔዝ ወጣ በሉና አሜሪካኖቹን ቱልን ውሰዱ። እነሱም በዚያው በ2001 «ላተራለስ» የሚል አልበም አውጥተዋል። በዚሁ ስም የሚጠራው ዘፈን ዋናው ሪፍ በ9፣ ከዚያ በ8፣ ከዚያ በ7 ይቆጠራል፤ ከዚያ ከመጀመሪያው። ጣታችሁን ጠረጴዛ ላይ አድርጉና ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ፦ ከአንድ እስከ ዘጠኝ፣ ከአንድ እስከ ስምንት፣ ከአንድ እስከ ሰባት። መጀመሪያ ትሳሳታላችሁ። ሲገጥምላችሁ ግን ፈገግ ማለታችሁ አይቀርም። የዘፈኑ ግጥምም ቆጠራ አለበት። መጀመሪያ ላይ ስንኞቹ በቀለም (በክፍለ ቃል) ብዛት 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8 እያሉ ያድጋሉ። እያንዳንዱ ቁጥር የቀደሙት ሁለቱ ድምር ነው። ፊቦናቺ የሚባለው የቁጥር ሰልፍ ማለት ነው።

ይሄን ከሞከራችሁ በኋላ ወደ ኦፔዝ ተመለሱና ሪፎቹን ቁጠሩ። ካልተሳካላችሁ ተዉት። ቆጠራ የማይወድ ሰው በደንብ አድርጎ ይሄን ሙዚቃ ሊወድ ይችላል። ሌሎቹን ደረጃዎች ዝለሉ አልልም፤ ይሄን ግን ብትዘሉት ምንም አይደል።

አምስተኛ፦ ሙሉውን፣ በተራው

አሁን ከአንድ እስከ ስምንት፣ ሳይቋረጥ።

የመክፈቻው «ዘ ሌፐር አፊኒቲ» በመጀመሪያው ቀን ያባረራችሁ ዘፈን ነው። ዛሬ ግን ብዙ ነገር ታውቃላችሁ። ድራሙን ለይታችሁ ትሰማላችሁ፣ ግራውሉ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። መሃሉ ላይ ለስላሳ ክፍል እንዳለው፣ መጨረሻው ላይ ሜታሉ ሁሉ ጠፍቶ ፒያኖ ብቻ እንደሚቀር ጠብቁ። ከዚያ «ብሊክ»፤ ከዚያ «ሃርቨስት» ይመጣል። ለስንት ቀን ብቻውን የሰማችሁት ዘፈን ከሃያ ደቂቃ ማዕበል በኋላ ሲመጣ ሌላ ዘፈን ነው የሚመስለው። ለምን ሦስተኛ ላይ እንደተቀመጠ የሚገባችሁ ያኔ ነው።

«ደርጅ ፎር ኖቬምበር» በቀስታ ጀምሮ፣ ከብዶ፣ በረጅም ፀጥታ ያልቃል። «ዘ ፊውነራል ፖርትሬት» ለእኔ የአልበሙ ቀላል ሚዛን ነው፤ ጊታር የሚወዱ ሰዎች ግን በዚህ ይጣሉኛል። የመዝጊያው ዘፈን 12 ደቂቃ ነው፤ የሚዘፈነው በሙሉ በግራውል ነው፤ መሃሉ ላይ ረጅም ፀጥ ያለ የጊታር ክፍል አለው። ያ ክፍል አሰልቺ ሊመስላችሁ ይችላል። አትዝለሉት። ቀጥሎ የሚመጣው ሪፍ ክብደቱን የሚያገኘው ከእሱ ነው።

የት ይሰማ? ሐዋሳ ለዚህ የተመቸች ናት። ማለዳ፣ ባጃጆቹ ሳይበዙ፣ ከገብርኤል ወደ ሐይቁ ወርዳችሁ ዳሩን ይዞ መሄድ አንዱ ነው። መንገድ ስትሻገሩ ኢርፎኑን አውልቁ፤ በሁለት ጆሮ ኦፔዝ እየሰሙ ባጃጅ አይሰማም። አሞራ ገደል በጠዋቱ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዙሪያቸውን ተሰልፈው ሲጠብቁ እያዩ «ደርጅ ፎር ኖቬምበር»ን መስማት ይሄዳል። ሰዉ ሲበዛ ግን ጫጫታው ለስላሳዎቹን ክፍሎች ይውጣቸዋል። ታቦር ተራራ ላይ ወጥታችሁ መቀመጥ የበለጠ ፀጥ ይላል፤ ከተማውም ሐይቁም ከሥራችሁ ነው።

የማልመክረው ሚኒባስ ነው። ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልስ አልበሙን የሚጨርስ ይመስላል። የሹፌሩ ሙዚቃ ግን ሁሌ ያሸንፋል።

መብራት ሲጠፋም ጥሩ ጊዜ ነው። ቴሌቪዥኑ የለ፣ የጎረቤት ስፒከር የለ። ስልካችሁ ቻርጅ ካለው ጋደም በሉና ክፈቱት።

ከዚህ በኋላ

እዚህ ድረስ መጥታችሁ ግራውሉ አሁንም አልዋጥ ካላችሁ አትታገሉ። ኦፔዝ በ2003 ያወጣው «ዳምኔሽን» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለስላሳ ነው፤ አንድም ግራውል የለበትም። ባንዱ ራሱ በ2011 ከ«ሄሪቴጅ» ጀምሮ ግራውሉን ትቶ ቆይቶ ነበር፤ የተመለሰበት በ2024 ነው። ስለዚህ የምትመርጡት አላችሁ።

ወደ አገር ቤት መምጣት የሚፈልግ ሰው ጃኖ ባንድን ይስማ። «ኤርታሌ» የሚለው የመጀመሪያ አልበማቸው ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ያደረገው ነው። ሮክ ነው እንጂ ፕሮግረሲቭ ሜታል አይደለም። የኤሌክትሪክ ጊታር ከአማርኛ ድምፅ ጋር ሲጋጠም ምን እንደሚመስል ግን ያሳያል።

ወደ ከባዱ ልሂድ ለሚል፣ የፈረንሳዮቹ ጎጂራ «ፍሮም ማርስ ቱ ሲሪየስ» አለ፤ በ2005 የወጣ ነው። ታሪክ ለሚወዱ የአሜሪካኖቹ ማስቶዶን የ2004 «ሌቫያታን» ጥሩ ነው፤ «ሞቢ ዲክ» በተባለው የዓሣ ነባሪ አደን ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተ አልበም ነው።

የስዊድኖቹን ሜሹጋን ለመጨረሻ አቆዩት። እነሱ ጋ የሚያስተናግዳችሁ ለስላሳ ዘፈን ስለማታገኙ መግቢያው ሌላ ነው። ጊታሩን እርሱት፣ ድምፃዊውንም እርሱት። ድራመሩ በእጁ የሚመታውን ሲምባል ብቻ ያዙ። እሱ ብዙ ቦታ ላይ 4 እየቆጠረ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጊታሩና እግሩ በሥሩ በሌላ ርዝመት ይዞራሉ፣ ቆይተው መጀመሪያው ላይ ይገናኛሉ። የሚገናኙበትን ቦታ እስክታገኙ ድረስ እግራችሁን ከሲምባሉ ጋር አንቀሳቅሱ።